ጃኬቴን የከፈትኩበት ቀን

የታመምኩት አንጀቴን ነው። ሐኪሞቹ የተበላሸውን ቆርጠው ጣሉና የቀረው እስኪያገግም ብለው ጫፉን በሆዴ በኩል ወደ ውጭ አወጡት። እዚያ ላይ ከረጢት ይለጠፋል፤ ሰገራዬ የሚወርደው ወደዚያ ነው። አሁን እንዲህ ቀለል አድርጌ ጻፍኩት እንጂ ያኔ ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ለወንድሞቼ ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው አልኳቸው። ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ጨጓራዬን ነው አልኩ። ዕድሜ ልኩን ተማሪ ፊት ቆሞ የኖረ ሰው፣ ሰገራዬን በላስቲክ ተሸክሜ ነው የምዞረው ብሎ ማውራት ከበሽታው የባሰ መሰለኝ።

የምኖረው ቀራንዮ ነው። ከቤት ስወጣ ፀሐይም ቢሆን ዝናብ ሰፊ ጥቁር ጃኬት እደርባለሁ። ከረጢቱ አንዳንዴ በአየር ይነፋና ሆዴ በአንድ ወገን ጉብ ይላል። ያኔ እጄን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ደገፍ አደርገዋለሁ። እንደዚያ ሳደርግ ከውጭ ምን እንደምመስል አስቤ አላውቅም።

ጊዜው ደግሞ ሰው በሰው የሚጠራጠርበት ነበር። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ስለ ፈንጂ ይወራል፤ ለዓይን እንግዳ የሆነ ነገር ስታዩ ጠቁሙ ይባላል። የሰፈሩ ወጣቶች ተራ ገብተው መንገዱን ይጠብቃሉ። እኔም አምንበት ነበር። ታክሲ ውስጥ ፈንጂ ይዞ የሚገባ ሰው ቢኖር ቀድሞ የሚያየው ፖሊስ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ይህንኑ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ተናግሬአለሁ።

በዚያን ቀን ጠዋት ለክትትል ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ከቀራንዮ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ታክሲው ጢም ብሏል፤ መስኮቱም አይከፈትም። አጠገቤ ትንሽ ልጇን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ወጣት እናት ነበረች። ጥቂት እንደሄድን ከረጢቱ መነፋት ጀመረ። ማጣበቂያው እንዳይለቅ ፈርቼ እጄን ከተትኩ። ላብ አጠመቀኝ። ሴትዮዋ እጄን ስታይ አየኋት። ልጇን ከአንደኛው ጉልበቷ አንስታ ወደ መስኮቱ በኩል አዞረቻት።

ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"አባቴ፣ ከውስጥ ምን ይዘው ነው?"

"ምንም" አልኳት።

"ያምዎታል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

ይህን ልብ በሉልኝ። አሞዎት ነው ወይ ብላ ጠይቃኛለች። አዎ ብላት እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ፊቴን ወደ ፊት አዙሬ ጃኬቴን ይበልጥ ሰበሰብኩት፤ ስሰበስበው ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

ወራጅ አለ ስትል ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ታክሲው ሲቆም ልጇን አቅፋ ወረደችና ለረዳቱ፣ ሰውየው ጃኬታቸው ውስጥ የሆነ ነገር አስረዋል አለችው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሆነው። ሰው እየተረጋገጠ ወረደ። ሹፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘሎ ሸሸ። ባዶ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁና ምን እንደማደርግ ስላልገባኝ እኔም ወረድኩ። ስወርድ ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዱላ የያዙት የሰፈር ጠባቂዎች ዙሪያዬን ከበቡኝ፤ ግን ማንም አልቀረበኝም።

አንድ ፖሊስ ከወዲያ ማዶ እየሮጠ መጣ። እጅህን ወደ ላይ አለኝ። አነሳሁ። በሽተኛ ነኝ ስለው ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ መልሴን ይጠብቃል። ዘወር ብለን ለብቻህ ላሳይህ አልኩት። አሁን ሳስበው፣ ፈንጂ ታጥቋል የተባለ ሰው ከዚህ የባሰ ምን ሊናገር ይችላል? የፖሊሱ ፊት ተለዋወጠ፤ መሣሪያውን አቀባበለ። ከቆምክበት ሳትነቃነቅ ቀስ ብለህ ክፈት አለኝ።

ዚፑን አወረድኩ። ሸሚዜን ገለጥኩ። እጄን ሳነሳ የከረጢቱ ጠርዝ ለቅቆ ኖሮ ሸሚዜ ተበላሽቷል። ሽታው መጀመሪያ እኔ ጋ ደረሰ፤ ከዚያ እነሱ ጋ። አንድ ሰው ሳቀ። በክፋት አይመስለኝም፤ ፍርሃቱ ሲለቀው ያመለጠው ሳቅ ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸኝም ነበር፤ ፖሊሱ ተቆጥቶ ስልኩን ኪሱ አስከተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መሬት መሬት እያየ፣

"ይሸፍኑት አባቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ።

ለመሸፈን እጄ አልታዘዝ አለኝ። የመጣልኝ እዚያ መንገድ ዳር ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሴት ልጆቹን አስተምሬለታለሁ፤ በረመዳን ማግስት ሁሌ ምግብ ይልክልናል። ከትከሻው ላይ ፎጣውን አንስቶ ወገቤ ላይ ጠመጠመልኝና ክንዴን ይዞ ወደ ሱቁ ጓሮ አስገባኝ። ውኃ በባልዲ፣ ሳሙናና ንጹሕ ሸሚዝ አቀረበልኝ፤ በሩን ዘግቶ እሱ ከውጭ ቆመ። እየታጠብኩ አለቀስኩ። ሰምቶኛል። በመኪናው ቤቴ ሲያደርሰኝ ስለ ልጆቹ ትምህርት ብቻ ሲያወራኝ መጣ።

ባለቤቴ ትናደድልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ተናደደች፣ ግን በእኔ። "አሞኛል ብትላት ምን ነበረበት?" አለችኝ። የተዋረድኩት በሰው ፊት በመፈተሼ ይመስለኝ ነበር። ውሎ አድሮ ሳየው ግን ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ፈንጂ ይዟል ተብዬ መጠርጠሩን ከበሽታዬ መታወቅ አስበልጬ መርጬዋለሁ። ሕፃን ያቀፈች ሴት በእኔ ምክንያት ሞት አጠገቧ የተቀመጠ መስሏት ተንቀጥቅጣለች።

ከቤት መውጣት አቆምኩ። አንድ እሑድ ያቺ የታክሲዋ ሴት ቤቴን አጠያይቃ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ከእናቷ ጋር መጣች። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ተደበቅኩ። እናቷ ይቅርታ ስታበዛ፣ ባለቤቴ ችግር የለም ስትል በመጋረጃው ይሰማኛል። ወጣቷ ግን ዝም ብላለች። ዝምታዋ ነው ያወጣኝ። ስወጣ ብድግ አለች።

"ጠይቄዎት ነበር እኮ" አለችኝ። "ነገም እንደዚያ ያለ ሰው ባይ የምናገር ይመስለኛል። ግን በአደባባይ እንዲያ እንዲያራቁትዎ አልፈለግሁም።"

ደግ አደረግሽ አልኳት። ከልቤ ይሁን ከአንገት በላይ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኗን ማየት ግን አልቻልኩም፤ እሷም የእኔን። እንዲያ እንደተቀመጥን ባለቤቴ ብርቱካኑን ላጠችልን።

ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ስጀምር በመንገድ ላይ የማያውቀኝ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኝ ጀመር። የታክሲ ረዳቶች የፊት ወንበር ያስለቅቁልኛል። ከስድብ በላይ ከበደኝ።

ወሩ ሳያልቅ የሰፈሩ የጸጥታ ስብሰባ ተጠራ። ባለቤቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ሰብሳቢው ስለ ንቃት ተናግሮ ሲጨርስ አስተያየት ያለው አለ። እጄን አወጣሁ። ብዙ አስቤ ነበር የመጣሁት፤ ስቆም ግን ሁሉም ጠፋኝ። የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፦ መጠርጠራችሁን አልቃወምም፤ ሰው ስትፈትሹ ግን ተመልካቹን አርቃችሁ፣ በዕቃ ወይም በግድግዳ ጋርዳችሁ ፈትሹ፤ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነገ በዚሁ መንገድ ነው የሚመላለሰው። ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል። ጆሮዬ እየጋለ ተቀመጥኩ።

ስንወጣ የዕድራችን አንድ ሽማግሌ እጅጌዬን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ሳቡኝ። ግራ ቀኝ አዩና አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ።

"መምህር፣ ያችን ከረጢት ከየት ነው የምታገኛት?"

ለማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለባለቤታቸው ነው። እንደኔው ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ኖሯል፤ ከረጢቱ ሲያልቅባት ጨርቅ እያሰረች ከቤት ሳትወጣ ከርማለች። ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም። ጎረቤታችን ናት፤ ከአጥራችን ወዲያ። እግሯን አሟት ነው ሲባል ሰምተን ነበር።

በማግስቱ ካለኝ ከረጢት ላይ ቀንሼ ወሰድኩላት። በጓሮ በር እንድገባ ፈልገው ነበር፤ እኔም በጓሮ በር ገባሁ። ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀበለችኝ። ሸሚዜን ገልጬ አለጣጠፉን ሳሳያት እሷ ነጠላዋን ከዓይኗ ዝቅ አድርጋ በደንብ ታይ ነበር።