ዩኒክሱን ዊንዶውስ ሳስመስል

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አርባ ምንጭ በምሠራበት የመስኖ ጽሕፈት ቤት ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩን። አንደኛው ዊንዶውስ የተጫነበት ነው፤ ኃላፊያችን ክፍል ውስጥ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ሁለተኛው አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሲዘጋ የተወልን፣ ዩኒክስ በተባለ ሌላ ሥርዓት የሚሠራ ትልቅ ማሽን ነው። በአቅራቢያችን ያለችውን የጫኖ ቀበሌ የመስኖ ቦዮች ካርታ የምሠራው በእርሱ ነበር፤ የኃላፊያችን ኮምፒውተር ያን ካርታ የመሸከም አቅም አልነበረውም።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ጠራኝ። "ጋሼ፣ ከአዋሳ ኮሚቴ ሊመጣ ነው። የውሃ ስሌቱን ፕሮግራም የማይከፍት ማሽን ሁሉ ይወሰዳል። የእርስዎ ይከፍታል?"

"አይከፍትም። ፕሮግራሙ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው።"

"እንግዲያው ካርታዎን ቶሎ ይጨርሱ።"

ካርታው ገና ግማሽ ላይ ነበር። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ከተዋቸው ሲዲዎች መካከል አንድ አስማሚ ሶፍትዌር ፈልጌ አወጣሁ። ሥራው፣ ከገረሴ የመጣ ባለጉዳይ በጋሞኛ፣ ሹሙ በአማርኛ ሲነጋገሩ መካከል እንደሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ቋንቋ የጠየቀውን ለዩኒክስ በሚገባው ቋንቋ ያቀርብለታል። አስተርጓሚው ግን ሰነፍ ነበር። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል፤ ያንን ሳቃና ቁጥሮቹ ይጠፋሉ፤ ቁጥሮቹን ስመልስ መብራት ይሄዳል።

ንድፍ ሠራተኛችን ደጃፉ ላይ ቆሞ ይስቃል። "ጋሼ፣ በሬውን ፈረስ ነህ ብለው ሊያሳምኑት ነው?"

"ማመኑ ይቅርብኝ፤ ኮርቻውን ከተሸከመልኝ ይበቃኛል።"

ተሸከመ። ኮሚቴው በመጣ ዕለት፣ በኮምፒውተር ክፍል ደንብ መሠረት ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ፤ የሰብሳቢው አውራ ጣትም ከካልሲው ብቅ ብሎ አብሮን ተመለከተ። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። አንድም ቁጥር ሳያጎድል አሰላ።

"ይሄማ ዊንዶውስ ነው!" አለ ሰብሳቢው።

"አይደለም። ዩኒክስ ነው፤ ፕሮግራሙ ብቻ…"

"በዓይኔ እያየሁት!" ወደ ኃላፊያችን ዞረ። "ሌላስ ዊንዶውስ አላችሁ?"

"አንድ አለን።"

"ለአንድ ጽሕፈት ቤት ሁለት አልተፈቀደም። ትልቁን እንወስዳለን።"

በችኮላ ፕሮግራሙን ዘግቼ የዩኒክሱን ባዶ ገጽ አሳየሁት።

"ምነው፣ አበላሹት እንዴ?" አለኝ።

ማሽኑ ባይችል ኖሮ "አይረባም" ተብሎ ይሄድ ነበር፤ ስለቻለ "ትርፍ ነው" ተብሎ ሄደ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰብሳቢው ከአዋሳ ደወለ። "ማሽኑ ስምና የይለፍ ቃል አምጡ ይለናል። ዊንዶውስ መቼ እንዲህ ይጠይቃል?"

"ዩኒክስ ስለሆነ ነው።"

"አታለሉን ማለት ነዋ!"

"እንግዲያው ስህተቱን ማረም ቀላል ነው፤ ይመልሱልን።"

"አይሆንም ጋሼ። በንብረት መዝገባችን የገባው ዊንዶውስ ነው። ያልገባ ዩኒክስ እንዴት አድርገን እናውጣ?"

የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ነገርኩት፤ የጫኖን ቦዮች ቀሪ ካርታም በእርሳስ ጨረስኩ።