የማይነሩ መሰላል

ባሌ ቫዮሊን መጫወት የተማረው አዲስ አበባ፣ ከአንድ አርመን ዘንድ ነው። ሶዶ ጉምሩክ ጸሐፊ ሆኖ ሲመጣ ቫዮሊኑን ይዞ መጣ። እናቱ ከበቅሎ ሲወርድ አይተው፣ «የማን አዝማሪ ነው ቤቴ የሚገባው?» አሉ። እኔ ተድሬ ስገባ ቂማቸው ወደ እኔ ዞረ። ከአማቴ ጋር ያኔ አልተዋደድንም፤ ዛሬም አንዋደድም።

ባሌ ቫዮሊኑን ሲያስጀምረኝ ዘፈን አላስተማረኝም። መጀመሪያ ስኬል ይቅደም አለ፤ እሱ «መሰላል» ነበር የሚለው። ጣትን በየደረጃው እያሳረፉ ወጥቶ መውረድ ነው። ደረጃ እየዘለሉ ሲወጡ አርፔጂዮ ይሆናል። ክረምቱን በሙሉ ደስተኛውን መሰላል፣ ሜጀሩን፣ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ።

«ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉኝ አማቴ።

«እማማ፣ ዘፈን አይደለም።»

«እንግዲያው በር ነው። ቅባት ይቀባ።»

ባሌ ለሥራ ቆላው ቤሌ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ክንዱ ቫዮሊን መሸከም አቃተው። ተኝቶ፣ «ማይነሩን ሳትሳሳቺ ስትጨርሺው ልስማ» አለኝ። ማይነር፣ ሐዘንተኛው መሰላል፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ዝቅ ይላል፤ እኔ ደግሞ አብዝቼ አወርደው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ትንሽ ከፍ» ይለኛል።

አንድ ከሰዓት እየተለማመድኩ ሳለ ወላይታዋ ጎረቤታችን ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ፣ እህቶቿን አስከትላ፣ ደረቷን እየመታች ገባች። ባሌ ከአልጋው ቀና ብሎ አያት። እሷም ደንግጣ ቆመች። አማርኛ ስትናገር ወንዱን ሁሉ ሴት ታደርገዋለች።

«ሞተች ብዬ እኮ ነው» አለች ወደ ባሌ እየጠቆመች። «ቤቱ ሲያለቅስ ሰማን።»

አማቴ እኔን አይተው፣ «ምነው እሷ በሆነች» አሉ።

ባሌ እስኪያስለው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄን በቁሙ አለቀሰችበት» ብለው ቫዮሊኑን ከእጄ ነጠቁና የልብስ ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። ባሌ ሲለምናቸው «ስትድን» ይሉታል። እኔ ስለምን ፊታቸውን ያዞሩብኛል።

ስለዚህ መሰላሉን ክንዱ ላይ በጣቶቼ እወጣ ጀመር። ድምፅ የለውም፤ ቢሆንም ሦስተኛው ላይ ስደርስ «ትንሽ ከፍ» ይላል። አንድ ጠዋት ሦስተኛው ላይ ደረስኩ፤ ምንም አላለም።

አማቴ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ አሟርቼ እንደገደልኩት ነገሩ። ዓርባው ሲወጣ ሣጥናቸውን በመጥረቢያ ሰበርኩት።

አሁን ከሰዓት ከሰዓት ከጓዳቸው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ማይነሩን እጫወታለሁ። ትናንት በሩ ላይ መጥተው፣ «ተይ ልጄ፣ ሞት አትጥሪብኝ» አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

«አሁንማ ሞቷል፣ እማማ። ምን ያስፈራዎታል?»

አልሄዱም። እኔም ከታችኛው ደረጃ ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ጣቴን ትንሽ ከፍ አደረግኩ።