በአንድ አፍ የተናገረ መንገድ

እትዬ ጥሩወርቅ በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከጣሳ ውሃ በእፍኛቸው እየጨለፉ ደጃፋቸውን ይረጫሉ። አሁን የሚሰፉባት የጓሮ ክፍል ደጃፏ ሲሚንቶ ነው፤ አቧራ የለውም። እጃቸው ግን ይህን አልሰማም።

ልማዱ የመጣው ከመሃል ከተማው መንገድ ነው። ከባለቤታቸው ጋር የቀበሌ ሱቅ ተከራይተው ስፌት ሲጀምሩ መንገዱ አፈር ነበር። ጋሪ ባለፈ ቁጥር በር ላይ የሰቀሉት ነጭ ሸሚዝ ይጠቁርባቸው ነበር። በኋላ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ጋሪው ቀርቶ ባጃጅ መጣ። የእኔንም የመጀመሪያ ዩኒፎርም የለኩኝ እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ቀና ብዬ ሰው ስለማላይ፣ “አንቺ ልጅ፣ አንገትሽን የት ደብቀሽው ነው ኮሌታ የምሠራልሽ?” ብለው አስቀውኛል።

ከጎናቸው ጫማ የሚሸጡት ጋሽ ጌታቸው የእድሩ ዳኛ ነበሩ። የእትዬ ጥሩወርቅ ባለቤት ሲሞቱ መንገዱ ላይ ድንኳን ያስተከሉት፣ ሱቃቸውን ዘግተው ለቀስተኛ ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ሱቆቹም ይፈርሳሉ ሲባል ማን ይወክለን የሚል ጥያቄ እንኳ አልተነሳም። ሰው ሲሞትም ሆነ ቧንቧ ሲፈነዳ ለመንገዱ የሚናገረው የእድሩ ዳኛ ነው።

ጋሽ ጌታቸው ቀበሌ ጠይቀው ሲመለሱ፣ የተመዘገበ ተነሺ በሚሠራው አዲስ ሕንፃ ሱቅ እንደሚሰጠው ለባለሱቆቹ ነገሩ። ግን “አንድ በአንድ ከሄዳችሁ ይበታትኗችኋል፤ ጎን ለጎን እንዲሰጡን በጋራ እያስፈቀድኩ ስለሆነ ማንም ብቻውን እንዳይመዘገብ” ብለው ለመኑ። ሰው አመነታ። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“ባሌን በክብር የቀበረ ሰው እኔን በቁሜ አይቀብረኝም” አሉ።

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ተስማማ።

የምዝገባው ቀን አለፈ። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት ሱቅ የደረሳቸው ጋሽ ጌታቸው ብቻ ሆኑ። ድምፃቸውን አጥፍተው ተመዝግበው ኖሯል። የሚሻማቸው ሰው ስላልነበረም የመንገድ ዳሩን፣ ሰፊውን ሱቅ አገኙ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ጋሽ ጌታቸው ወንበር አቀረቡላቸው። “ሱቁ ለሁላችንም እንደማይበቃ ባወቅኩ ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ይትረፍ ብዬ ነው” አሏቸው።

“ታዲያ አንዱ ሰው ምነው እርስዎ ሆኑ?”

ጋሽ ጌታቸው ሻይ አዘዙላቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ሳይጠጡት ወጡ።

ዛሬ መንገዱ ያምራል። ዘንባባ ተተክሎበታል፤ ማታ ማታ መብራቱ ሥር ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። እኔም እዚያ መንሸራሸር እወዳለሁ፤ ይህን ለእትዬ ጥሩወርቅ መናገር ግን ያሳፍረኛል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ አልረገጡትም። ገበያ ሲሄዱ ባለባጃጁን በጀርባ በኩል ዙር ይሉታል። የተበተኑት ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው ሲመጡ ጋሽ ጌታቸውን ይረግማሉ፤ “ከሁላችንም በላይ የተከዱት እርስዎ ነዎት” እያሉም ያዝኑላቸዋል። እትዬ ጥሩወርቅ አጎንብሰው ጨርቁን ያስተካክላሉ።

ታሪካቸውን ልጻፈው ስላቸው ፈቀዱልኝ። “የጋሽ ጌታቸውንም ስም ጻፊው፣ አልፈራም” አሉ። አንድ ነገር ብቻ እንዳልጽፍ ለመኑኝ።

ያ ነገር ይህ ነው፤ ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከመንገዱ ማዶ ጸጉር ትሠራ የነበረችው ራሔል ወደ እሳቸው መጥታ ነበር። “ጋሽ ጌታቸው ሲመዘገቡ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለሰው ሁሉ እንንገርና ነገ ሄደን እንመዝገብ” አለቻቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ተቆጧት። ሄደው ጋሽ ጌታቸውን መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ድንኳን የተከለላቸውን ሰው እንዴት ብለው ዓይኑን እያዩ ይጠርጥሩት? ይሉኝታ ያዛቸው።

“የሽማግሌ ስም አታጉድፊ። ይህን ነገር ለማንም እንዳትተነፍሺ” ብለው አስማሏት።

የራሔልም ሱቅ ፈረሰ። መሐላዋን እስከ ዛሬ ጠብቃለች።