ከገደሉ ማዶ የመጣ «አለሁ»

ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ሞጣ ባለው ቤቴ ውስጥ፣ ከስልኬ የፏፏቴ ድምፅ ወጣ። ለትምህርት ጃፓን የሄደችው ልጄ ፍሬ ዳገቱን ሊጀምሩ ሲሉ የላከችው ቪዲዮ ነበር። የድንጋይ ሽበት የወረሰው ረጅም ደረጃ፣ ከደረጃው በላይ የእነሱ ቤተ መቅደስ የጠቆረ የእንጨት ጣሪያ፣ ከጣሪያው ጀርባ ደግሞ ከገደል የሚወረወር ነጭ ውሃ አየሁ፤ ከዚያ ጉም መጥቶ ከፊቷ የሚሄዱትን ሰዎች ጀርባ አንድ በአንድ ዋጠና ቪዲዮው ተቋረጠ። በዋዜማው ደውላ፣ «እማ፣ ነገ ከክፍል ልጆች ጋር መሪ ይዘን ተራራ እንወጣለን፤ አሮጌ መቅደሶችና ፏፏቴ ያሳዩናል። እንደ ባህላቸው እስከ ፏፏቴው ድረስ ማውራት ክልክል ነው፣ ስልክም አይነሣም፤ እንዳትጨነቂ» ብላኝ ነበር። እንዳትጨነቂ መባል ለእኔ ተጨነቂ መባል ነው። ደረጃው እርጥብ ነበር፤ ምን ዓይነት ጫማ እንዳደረገች ቪዲዮው አያሳይም። «አለሽ?» ብዬ ጻፍኩላትና ስልኩን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ያንን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። ውሃ በጉም ውስጥ ሲወርድ፣ ሰው ደግሞ አፉን ዘግቶ ወደ ውሃው ሲሄድ ምን እንደሚመስል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ያኔ የምንኖረው ቢቸና፣ ከከብት ገበያው ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ ክረምት ክረምት ደጀን ወርዶ የመኪና ጭነት ያወርድ ስለነበር፣ ቤት የምንቀረው እናቴ፣ እኔና ዓመት አልፎት ገና መቆም ያቃተው ወንድሜ አበጀ ነበርን። በዚያ ክረምት እናቴ የምትፈራው ጎርፉን ሳይሆን የአበጀን ሳል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ትንፋሹ አልሰማ ስለሚላት፣ እኔን በእጇ ዝም አሰኝታ፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ትቆይና፣ ትንፋሹን ስታገኝ ብቻ ቀና ትል ነበር። ጤና ጣቢያ ወስዳው የሚጠጣ መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ሳሉ ጥቂት ይተወውና ተመልሶ ይመጣ ነበር። እኔም ከእሷ ተምሬ፣ ከጨዋታ ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ጎንበስ ብሎ ማዳመጥ ሆነ። ነሐሴ ሲያልቅ እናቴ ተሳለች፤ ልጇን በተራራው ማርያም ጠበል፣ ፏፏቴው ሥር እስክታስጠምቀው ድረስ፣ ከደጃችን ከወጣች ጀምሮ አንድ ቃል ከአፏ ላይወጣ።

መስከረም ጭቃው እስኪጠነክር ጠበቅንና፣ ጽጌ ሲገባ ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ተነሣን። መንገዱን በየዓመቱ የሚመሩት አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ አጭር፣ ቀጭን፣ መቋሚያቸው ከራሳቸው የሚረዝም መነኩሲት፣ የገደሉን መንገድ እንደ ጓሯቸው የሚያውቁት። በመንገዱ ላይ ባሉት አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ እያስቆሙን፣ የቅጥሩን ዛፍ ማን እንደተከለው፣ ደወሉ ለምን ከብረት ሳይሆን ከድንጋይ እንደሆነ ይነግሩን ነበር። ሕጋቸው ጥብቅ ነበር፤ ገደል ላይ ሰው በስሙ አይጠራም። «ስሙን የሰማ ሰው ይዞራል፤ እዚህ የዞረ ደግሞ እግሩ አይከተለውም» ይሉ ነበር። ስለዚህ በየጥቂቱ ቆመው «አለን?» ይላሉ፣ እኛም በተራችን «አለሁ» እንላለን። እናቴ ስለማትናገር የሦስታችንንም ድርሻ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጬ፣ «አለሁ፣ እናቴም አለች፣ አበጀም አለ» እል ነበር። የመጨረሻውን ከማለቴ በፊት ግን በእናቴ ጀርባ ላይ የተኛውን ወንድሜን አንጋጥጬ አየው ነበር፤ ሳላይ ማለት ያስፈራኝ ነበር።

ከኋላችን አያ ደምሌ የሚባል የቢቸና የበግ ደላላ ይሄድ ነበር፤ ዝምታ የማይሆንለት ሰው ነው። የእናቴን ስለት ካወቀ ጀምሮ፣ «እቴ፣ ቅድም የነገርኩሽን ለሰው እንዳትናገሪ አደራ!» እያለ ይቀልድባት ነበር። እናቴ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አያለሁ፤ ሳቋን እንኳ ውጣ ታስቀረዋለች።

«አንተ ደምሌ» አሉት እማሆይ ሳይዞሩ፣ «ይሄ በግ ተራ አይደለም። ዳገት በወሬ አይረክስም!»

«እማሆይ፣ ዝም ካልኩማ የጠፋሁ ይመስላችኋል።»

«ያንን ቀን እስኪያሳየን ነው የምንሳለመው» አሉት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከአፋፉ ወደ ጠበሉ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ስንደርስ ግን የሚስቅ አልነበረም። ከዓባይ በረሃ ጉም ተነሥቶ፣ መጀመሪያ የእማሆይን ቆብ፣ ቀጥሎ መቋሚያቸውን ወሰደው። ፏፏቴው ከታች ይጮሃል፣ አይታይም። እናቴ በአንድ እጇ ድንጋዩን፣ በሌላው የአበጀን ማዘያ ይዛ ስትወርድ፣ ነጠላዋን ከነፋሱ ልትከልለው ስብ አደረገችውና ከእጄ ወጣ። መልሼ ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ፤ የጨበጥኩት ጉም ነበር። ያኔ በግራዬ በኩል ለስለስ ያለ ድምፅ «አለን…?» ሲል ሰማሁ። እማሆይ ናቸው ብዬ ወደዚያው ሄድኩ። የገደል ማሚቶ ነበር። ገደሉ የእማሆይን ጥሪ ተቀብሎ መልሶ እንደሚጠራ የነገረኝ አልነበረም።

ከእግሬ ሥር ሣሩ አለቀና ጠጠር ሆነ። ጠጠሮቹ ተንሸራተው ሲወድቁ ሰማሁ፤ ሲያርፉ ግን አልሰማሁም። ባለሁበት ቁጢጥ አልኩ። እማሆይ እንደገና ጠሩ፤ ከሩቅ አንዱ «አለሁ» አለ፣ ሌላው «አለሁ» አለ፣ ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰና ባዶ ሆነ። እኔ እንዳልንሸራተት በሁለት እጄ መሬቱን ከመጨበጥ በቀር ትዝ ያለኝ አልነበረም። እናቴ ያንን ባዶ ቦታ ሰማችው። ቃሏን ብታፈርስ የአበጀ ነገር ምን እንደሚሆን እየፈራች፣ ዝም ብትል ደግሞ እኔ የት እንዳለሁ ሳታውቅ፣ ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። ከዚያ ከደጃችን ከወጣች ጀምሮ ያልሠራ፣ የሻከረ ድምፅ ጉሙን ሰነጠቀው።

«አለሁ! አለሁ! አለሁ!»

ስሜን አልጠራችም። ያን ያህል ደንግጣም ብትሆን እንዳልዞር ተጠንቅቃልኝ ነበር። ገደሉም ከኋላዋ እየተከተለ «አለሁ… አለሁ…» ይል ጀመር፤ እኔ ግን ማሚቶው ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው ብዬ፣ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ወደሚቀድመው ድምፅ ሄድኩ። እጄ እግሯን ሲነካ አልመታችኝም፣ አልሳመችኝምም፤ የነጠላዋን ጫፍ አንጓዬ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አሰረችውና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ድምፅ አላት ለካ!» አለ አያ ደምሌ፤ የሚስቅ ሲያጣ ጊዜ እሱም ኮፍያውን አወለቀ።

እናቴ እማሆይን ታያቸው ነበር። ጥያቄው ገባቸው። «ዝም ያልሽው ለልጅ ነው፣ የጮኽሽውም ለልጅ ነው» አሏት። «እመቤታችንም የወለደች ናት፣ ይገባታል። ነይ አሁን ውረጂ። መድኃኒቱንም እንዳታቋርጪበት፤ እሱም የእግዜር ነው።»

ፏፏቴው ሥር አበጀ ተጠመቀ፤ ያለቀሰው ለቅሶ ከውሃው ይበልጥ ነበር፣ እናቴም ለቅሶውን ጆሮዋን አዘንብላ እንደ ዜማ ስትሰማው አየኋት።

በጋው ግን ሰላም አልሰጠንም። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበያው በእህል ሲሞላ፣ እናቴ ዝም ማለቷን አልተወችም፤ ያጎደለችውን ዝምታ ልትሞላ የፈለገች ይመስል የምትናገረው ግድ ሲሆንባት ብቻ ነበር። አበጀ ባሳለ ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጥ ነበር። መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጠዋለች፣ ጠበሉን ታስጎነጨዋለች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የእማሆይን ቃል እኔ አምኜው ነበር፤ እሷ ማመኗን ግን ማወቅ አልቻልኩም። የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት በጀመረበት ቀን፣ እንደ ልማዳችን ሁለታችንም ወደ አበጀ ደረት ጎንበስ ልንል ስንዞር፣ አበጀ ከተቀመጠበት የለም፤ የበሩን መቃን ይዞ ቆሞ ዝናቡን ያይ ነበር። እናቴ ያን ቀን ማታ ድረስ አወራች። ስለ ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ ስለ ጨው፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ ሁሉም ነገር። አበጀ ዛሬ ቢቸና ባጃጅ ይነዳል፤ ወሬው አያ ደምሌን ያስንቃል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ስልኬ እጄ ውስጥ አልቦት ነበር። ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ነው ነዘር ያለው።

«እማ፣ ደርሰናል!» ይላል ፍሬ ቀርጻ የላከችው ድምፅ፤ ከኋላዋ ውሃው ይጮሃል። «መሪያችን ሲጠራን እንድንመልስ የተፈቀደልን አንድ ቃል ብቻ ነው። ጉሙ ሲመጣ ደነገጥኩና የእነሱ ቃል ጠፋኝ፤ ‹አለሁ› አልኩት። ሰውዬው ሳቀ፣ ስንደርስም ምን ማለት ነው አለኝ። ‹እዚህ ነኝ› ማለት ነው አልኩት። ልክ ነኝ አይደል?»

ልክ ነሽ አልኳት። ሙሉ በሙሉ ግን ልክ አልነበረችም። እዚህ ነኝ የሚል ሰው ያለበትን ነው የሚናገረው፤ አለሁ የሚለው ግን ለሚጠብቀው ሰው ነው የሚመልሰው፣ የትም ይሁን። ያኔ እናቴና እኔ በአንድ ገደል ላይ ነበርን፣ ጮኻ አገኘችኝ፣ በነጠላዋም አሰረችኝ። ዛሬ የፏፏቴው ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ቤቴ ድረስ ይገባል፣ የማስርበት አንጓ ግን የለም፤ ጮኼ የማቀናው መንገድም የለም። ያለኝ ያንን ቃል ደጋግሞ መስማት ነው፤ ከማሚቶው የሚቀድመው የእሷ መሆኑን እስካውቅ ድረስ ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት።

እዚያ አሁን እየመሸ ነው። ደረጃውን ገና አልወረደችም።