መዝገብ ላይ የሌለው ግቢ

ማስረዳት እወዳለሁ። ሰበታ ጫፍ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ተመድቤ እንደገባሁ፣ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ሦስት ሳጥን ሠራሁ፦ ጤና ኬላ እስከ አምስት ሺህ ሰው፣ ጤና ጣቢያ እስከ ሃያ አምስት ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ መቶ ሺህ። እንዲህ በመስመር የተቀመጠ ነገር ደስ ይለኛል።

በዚያው ዓመት ቀበሌው የቤተሰብ ምዝገባ እንድናግዝ መምህራንን ጠራ። የምኖርበትን ሰፈር ወሰድኩ። የግቢያችን ጓሮ የተደረደሩትን የኪራይ ክፍሎች ልጀምር ስል፣ አከራዬ፣ አዛውንት ናቸው፣ ሳቁብኝ።

«ተዋቸው ልጄ! መታወቂያቸው የአዲስ አበባ፣ ሥራቸው አዲስ አበባ። እዚህ ለማደር ነው የሚመጡት።»

ልክ መሰለኝ። በሌላውም ግቢ ባለቤቶቹን ብቻ እየጠየቅኩ ቅጹን አሳምሬ ሞላሁ።

ዘንድሮ ሰፈራችን ኩፍኝ ገባ ተባለ። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ልጇ ዘጠኝ ወር ሞልቷታል። ሁለት ጊዜ ጤና ኬላ ሄዳ «ክትባት አልቋል» ተብላ ተመልሳለች።

«ቲቸር፣ ለሁሉም ነገር መልስ አለህ አይደል? ና አስረዳልኝ። ጠመኔህን እንዳትረሳ!» አለችኝ።

ስንደርስ ሰልፉ ከአጥሩ ወጥቶ አስፋልቱን ነክቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «አልቋል፣ ዱሜራ» እያለች በአማርኛም በኦሮምኛም ትለምናለች። እኔም ጀመርኩ፦ «አንድ ጤና ኬላ እኮ ለአምስት ሺህ ሰው…»

«መምህር፣ እሱን እኔም አውቃለሁ» ብላ አቋረጠችኝ። መዝገብ ገለጠች። «ክትባት የሚላክልኝ በዚህ ቁጥር ነው። እናንተ ሰፈር ተከራይ የሚባል የለም።»

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነበር። በጣቴ የግቢያችንን መስመር ፈለግኩ። አከራዬ፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው። አራት ሰው። በዚያ ግቢ ሃያ ሦስት ነን! ሰሌዳ ላይ ሳጥን የሠራሁት ሰውዬ፣ ራሴንም አልቆጠርኩም።

ጎረቤቴ ጣቴን ተከትላ አነበበች።

«እኔስ የት ነኝ?»

ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች፤ ከኋላችን አንድ ሕፃን ያስላል።

ባለሙያዋ ባዶ ቅጽ አውጥታ ሰጠችኝ። «ዛሬ ከሞላህልኝ ሰኞ ጤና ጣቢያውን ተጨማሪ እጠይቃለሁ። ይሰጡኛል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የሕፃኗን ስም ጻፍኩ። «ዕድሜ» በሚለው ሥር ዘጠኝ ወር። «የኩፍኝ ክትባት» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፤ እናቷ እያየችኝ ባዶውን አለፍኩት።