አግዳሚው ስር ጎንበስ የሚሉት እማማ

ክር ሻጯ የተከራየችው ቤት ዕድሜ የጠገበ የእንጨት ቤት ነው፤ ምሰሶውና ማገሩ ከጭቃው ግድግዳ ላይ እንደ ጎድን አጥንት ይቆጠራል። ታች ትሸጣለች፣ ፎቁ ላይ ትኖራለች።

ከደንበኞቿ ሁሉ ዓይኗ የሚያርፈው በአንዲት ባልቴት ላይ ነው። ግራጫ ካፖርታቸው በወጉ ተተኩሷል፤ ቁልፎቹ ግን አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም። ነጭ ክር ይገዙና ለመሄድ አይቸኩሉም። የማዕዘኑን ምሰሶ የዘመድ ትከሻ ይመስል ዳበስ ያደርጉታል። ቁመታቸው አጭር ሆኖ ሳለ፣ ፎቁን በተሸከመው አግዳሚ እንጨት ስር ሲያልፉ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላሉ።

ዛሬ ክር ሻጯ አላስቻላትም።

«እማማ፣ አግዳሚው እኮ ከእርስዎ ሩቅ ነው፤ ምን ያስጎነብስዎታል?»

ባልቴቷ ሳቁ። «አባቴ በትከሻው ተሸክሞኝ ሲገባ ‹ጭንቅላትሽን!› ይለኝ ነበር። ከትከሻው መውረዴን ረስቼው ነው መሰል፣ ልጄ።»

«እዚህ ነው ያደጉት? ታዲያ ይምጡ፣ ፎቁን ይዩት!»

ፊታቸው ዳመን አለ። «ተለውጦ ባገኘውስ? እንደማስበው ቢቀርልኝ ይሻላል።»

«ልስኑ ተለውጦ እንደሆነ እንጂ እንጨቱ የት ይሄዳል? በሉ እጄን ይያዙ።»

ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጡ። ባልቴቷ ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደው ሰፊው ደፍ ላይ ተቀመጡ። ታች ገበያተኛ ስለተጣራ ክር ሻጯ ትታቸው ወረደች። ስትመለስ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ወለሉን የማይነካ እግራቸውን ያወዛውዛሉ። መምጣቷን አልሰሙም። እሷም ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ሱቋ ተመለሰች።