የድንጋይ ባንዳ

ወንድሜን ፍለጋ በሸንተረሩ የሄድንበትን ቀን ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ጨርሼ ግን አውርቼው አላውቅም። ስለ ዳገቱ እናገርና፣ ስለ ብርዱ እናገርና፣ እሱን ይዘን ወረድን ብዬ እዘጋዋለሁ። የሚሰማኝም አልሐምዱሊላህ ብሎ ይነሳል።

ጊዜው ጣሊያን በእኛ ቆላ መንገድ የሚያወጣበት ነበር። በሸዋ ሮቢት ግራና ቀኝ ያለው ሰው ማሽላውን ጥሎ ድንጋይ ይፈልጣል፣ አፈር ይዝቃል። የሥራው ተቆጣጣሪ ካቦው ሰውን በቡድን በቡድን ይከፍልና እያንዳንዱን ቡድን «ባንዳ» ብሎ ይጠራዋል። እኛም ከእሱ ሰምተን ያንኑ እንል ነበር፤ ድንጋይ የሚፈልጡት የድንጋይ ባንዳ፣ አፈር የሚያመላልሱት የአፈር ባንዳ፣ በእንስራ ውሃ የምናቀርበው ሴቶች የውሃ ባንዳ። ደጋ ላይ በዚሁ ስም የሚጠራው ለጣሊያን ጠመንጃ ይዞ ወገኑን የሚወጋ ሰው መሆኑን ማን ነግሮን።

ወንድሜና የጎረቤታችን ልጅ አንድ ባንዳ ውስጥ ነበሩ። ወባው ሲያዳክማቸው፣ የካቦውም ጅራፍ ሲመርራቸው፣ ተማክረው ወደ አርበኞቹ ሸሹ። አፋፉ ላይ የአርበኞቹ ጠባቂዎች ያዟቸውና ምንድን ናችሁ ሲሏቸው፣ «የድንጋይ ባንዳ ነን» ብለው እርፍ። ይህን ያወራልን ከደጋ ገብስ ይዞ የወረደ ነጋዴ ነው። በዚያ ቃል ታስረዋል አለን። አባቴ ወሬውን ቆሞ ሰማና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

የጎረቤታችን ልጅ እናት ባሏ የሞተባት ናት፤ እግሯ አብጦ ከደጃፏ አትርቅም ነበር። ልንሄድ መሆኑን ስትሰማ ግድግዳ እየተደገፈች መጥታ የእኔንም አምጡልኝ አለች። አባቴ ኢንሻአላህ አላት።

ሱብሂ ሰግደን ተነሳን። አባቴ እኔን ያስከተለኝ ለአማርኛዬ ነው። የእሱን አማርኛ አርጎብኛ ይጫነዋል፤ የደጋ ሰው ሲሰማው ይስቃል፣ እሱ ደግሞ ሲሳቅበት አፉ ይተሳሰራል። እኔ ከገበያ ገበያ ስል ያደግኩ ነኝ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኝ ነበር፣ ሲያሙኝም ሲያመሰግኑኝም።

የሮቢን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ያዝን። ግራሩ እያነሰ ክትክታው እየበዛ ሄደ። የሸንተረሩ ጀርባ ላይ ስንወጣ አባቴ ከቆላው የሚታየውን ወገን ትቶ በወዲያኛው ጎን መራኝ፤ ከታች በመነጽር የሚያይ ጣሊያን አይጠፋም። ከጋራ ጋራ፣ አንዱን ጫፍ ስንጨርስ ሌላው ፊታችን እየተገተረ፣ ግራ ቀኙ ገደል በሆነ የእግር መንገድ ሄድን። ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ተሸሽገን ቂጣችንን ስንበላ ከታች አዲሱ መንገድ እንደ ክር ቀጥኖ ታየኝ። ያን ሁሉ ሰው ያጎበጠ ነገር ያች ብቻ መሆኗ አናደደኝ።

አባቴ በየማረፊያው ያስጠናኛል። ምን ነበር ወንድምሽ ይለኛል፣ የቀን ሠራተኛ እላለሁ። ያንን ቃል እንዳትጠሪ ይለኛል፣ አልጠራም እላለሁ። ትንሽ ሄደን ደግሞ ይጠይቀኛል። በመጨረሻ ሰለቸኝና ሕፃን አይደለሁም አልኩት። አልተቆጣኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዱላ ነበር የሚለኝ፤ ምን ያህል እንደፈራ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እንጨት የምትለቅም ሴት አገኘን። የቆላ ሰዎች ታስረዋል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብዬ እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። ሸክሟን አስተካከለችና ሁለት ነበሩ፣ አንዱን ሐሙስ ዕለት ገደሉት አለች። የትኛውን እንደሆነ አታውቅም። ወጣት ነው አለችን። ሁለቱም ወጣት ነበሩ።

አባቴ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ከኋላው እየሄድኩ ዱዓ አደረግኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ያ አላህ፣ የሞተው የጎረቤታችን ልጅ ይሁን አልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ በየእርምጃው ነው ያልኩት። ልጁን አውቀዋለሁ፤ እንስራዬን ስንት ጊዜ አንስቶ አሸክሞኛል። እያወቅኩት ነው እሱ ይሁን ያልኩት።

ከዙሁር ሰላት በኋላ አርበኞቹ ሰፈር ደረስን። አለቃቸው ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። አባቴን ይቀመጡ ብሎ አከበረው። ወንድሜ ወዲያ ከወይራው ሥር እጁ ታስሮ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ግን እሱ ነው። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

አባቴ ስለ ልጁ መናገር ጀመረና ገና በመጀመሪያው ቃል አፉ ተያዘ። ከጠባቂዎቹ አንዱ አነጋገሩን አስመስሎ ሳቀ። እኔ ያጠናሁትን ተናገርኩ። አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም በገዛ አፋቸው ባንዳ ነን ብለዋል፣ ይሄኛው ጓደኛው ከሞተ ወዲህ ትንፍሽ አላለም፣ የእሱም ነገር ነገ ያልቃል አለን። ያኔ ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ።

«እኔም ባንዳ ነበርኩ» አልኩት። «የውሃ ባንዳ። በእንስራ እየተሸከምኩ የድንጋይ ባንዳውን አጠጣ ነበር። ይሄ አባቴ የአፈር ባንዳ ሆኖ ጀርባው ተልጧል። ካቦው ሥራ ሲያከፋፍል የሚጠራን እንዲያ ነው፤ እኛም ሌላ ስም አናውቅም። በዚህ የሚሞት ከሆነ እንግዲያው ሦስታችንንም ግደሉን።»

አባቴ ማንም ሳያዘው ዞረና ኩታውን ከትከሻው አወረደ፤ የሸክሙ ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። አለቃው ጀርባውን ብዙ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ያኛውም ይህን ማለቱ ነበር?»

አይደለም ብዬ ላሳርፈው እችል ነበር። አላሳረፍኩትም።

«አዎ» አልኩ። «ወደ እናንተ ነበር የሚመጣው።»

ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። እንደዞረም የወንድሜን እጅ እንዲፈቱ አዘዘ። ያ የሞተው እናት አለችው ወይ አለኝ፤ አለችው አልኩ። ከዚያ አባቴ ዘንድ ቀረበና «አባቴ፣ ጣሊያን ገደለው በሉልኝ» አለው። ማዘዝ አልነበረም፤ ለመነው።

አባቴ መቃብሩን አሳዩኝ አለ፣ በዚያው አርጎብኛ በሚጫነው አማርኛው፤ ማንም አልሳቀም። ወንድሜን ከኋላው አቁሞ በልጁ ላይ ሰላት ሰገደ።

በማግስቱ ሰፈራችን ስንደርስ ያቺ እናት ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ሦስት መሆናችንን ከሩቅ አይታለች። ሲዋሽ ሰምቼው የማላውቀው አባቴ፣ ጣሊያን ገደለው አላት።

አመነችው። ከዚያ በኋላ ደጋ የሚወጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ከማሽላዋ ቀንሳ ለአርበኞቹ ትልክ ነበር፤ ደሙን የሚመልሱልኝ እነሱ ናቸው ትላለች። ጁምዓ ጁምዓ እጇን ዘርግታ፣ አላህ ይጠብቃቸው፣ ክንዳቸውን ያበርታ ስትል፣ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። እሷ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ አሚን እላለሁ።